«ለቡችላ 20 ዕቃ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ዝርዝሩ ከጅራቱ ተጀምሯል

«ቡችላ ቤት ከመግባቱ በፊት መገዛት ያለባቸው 20 ዕቃዎች» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር ውሻ በሚያሳድጉ ሰዎች ስልክ ላይ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም፤ ውሻ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ብዙ ሰው አምኖ የተቀበላቸውም ለዚሁ ይመስለኛል።

የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። የፕላስቲክ ኬጅና ወፍራም የስፖንጅ መኝታ አስቀድሞ ይገዛ፤ ውጭ የሚያድር ከሆነ ቤቱ በቆርቆሮ ተሠርቶ ከግቢው በር አጠገብ ይቀመጥ። ምግቡ ወተትና ሥጋ ይሁን፤ የታሸገ ደረቅ ምግብ ቅንጦት ነው። የድሬ የቧንቧ ውሃ የፊኛ ጠጠር ስለሚያመጣ የታሸገ ውሃ ይጠጣ። በየሳምንቱ በሻምፖ ይታጠብ፤ ቁንጫና መዥገር ከያዘው በከብት መድኃኒት ይነከር። ቁጡ ጠባቂ እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰንሰለት ይታሰር። ክትባትና የትል መድኃኒትን በተመለከተ «ስድስት ወር ሲሞላው ይደርሳል» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል።

ቅሬታዬ ከዚህች ከመጨረሻዋ መስመር ይጀምራል። ለቡችላ ዕቃ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን ቡችላ ምን ሊገድለው ይችላል?» ነው። ድሬዳዋ ላይ መልሱ ሙቀት፣ ትልና ፓርቮ የተባለው የአንጀት ቫይረስ ነው። ስፖንጅ አጥቶ የሞተ ቡችላ የለም።

«ስድስት ወር ሲሞላው ይደርሳል» የሚለው አይደርስም። ቡችላ ትል ይዞ ይወለዳል ማለት ይቻላል፤ ወስፋት ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ይተላለፍበታል፤ መንጠቆ ትል ደግሞ ከጡቷ ጋር ይገባል። ስለዚህ የትል መድኃኒት የሚጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል። ሆዱ ከበሮ መስሎ ጎድኑ የሚቆጠር ቡችላ «ጠግቧል» ሲባል ይሰማል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩት። ሮዝ መሆን ሲገባው ወደ ነጭ ከሄደ መንጠቆ ትል ደሙን እየጠጣው ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ መሄድ ለነገ አይባልም። የወስፋቱ እንቁላል አፈር ላይ ቆይቶ ለሕፃናትም ይተርፋል፤ ጉዳዩ የቤቱ ልጆችም ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ስለሆነ «ግማሽ ክኒን ስጠው» የሚባለው ግምት አያዋጣም። የሁለት ኪሎና የአራት ኪሎ ቡችላ በዓይን ያን ያህል አይለያዩም፤ መጠናቸው ግን እጥፍ ነው። ቡችላውን ዘንቢል ውስጥ አድርጎ በሚንጠለጠል ሚዛን መመዘን፣ ወይም ሰው አቅፎት ሚዛን ላይ ወጥቶ የራሱን ክብደት መቀነስ ይበቃል። በየፋርማሲው የሚገኘውን የሰው አልቤንዳዞል ራሳችሁ ቆርሳችሁ አትስጡ፤ በውሻ ላይ መጠኑ ሲበዛና ሲደጋገም መቅኔን ይጎዳል።

ክትባቱም ቢሆን የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ፓርቮንና ዲስተምፐር የተባለውን ሌላ ገዳይ የውሻ በሽታ የሚከላከለው ጥምር ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ፣ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይደጋገማል። የሚደጋገመው ሐኪም ገንዘብ ፈልጎ አይደለም። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል፤ ይህ መከላከያ ከቡችላ ቡችላ በተለያየ ጊዜ ስለሚያልቅ ክፍተቱን ለመያዝ ያለው ዘዴ መደጋገም ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሄዳል።

እንግዲህ ከሃያው ዕቃ መሃል መኖር የነበረበት አንድ ነገር ልጨምር፦ አይስ ቦክስ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ውሃ ማለት ነው። ከፋርማሲ የገዛችሁትን ብልቃጥ በኪስ ይዛችሁ በቀትር ባጃጅ ከከዚራ ሳቢያን ብታደርሱት ቡችላው የሚወጋው ያንን ውሃ ነው። በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካው በጨርቅ ወይም በካርቶን ይለይ፤ በረዶ የሠራ ክትባትም ይበላሻል። ከሁሉ የሚሻለው ቡችላውን ክትባቱ ወዳለበት ፍሪጅ መውሰድ ነው።

ቀድሞ ቡችላ በፓርቮ የሞተበት ግቢ ከሆነ ሌላ ሥራ አለ። ቫይረሱ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ግን ይገድለዋል። ቆሻሻው መጀመሪያ ይጠረግ፣ ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሲሚንቶው ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። ዐይነ ምድሩ ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ በረኪናውን ማባከን ነው። ጸሐፊው ከውጭ የሚመጣውን የሽንት ፓድ ከሃያው ውስጥ አስገብተዋል፤ ጋዜጣ ወይም የአሸዋ ሣጥን ያንኑ ሥራ ይሠራል። አሸዋውን ግን ከደቻቱ ወንዝ አታምጡ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ውለው የሚያድሩበት አሸዋ ስለሆነ ፓርቮውንም የትሉን እንቁላልም አብራችሁ ታመጣላችሁ። ምንጣፍ ላይ ሲሸና በአቼቶና በውሃ ይጠረግ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ሽንት ስለሚሸት እዚያው ላይ ይመለስበታል።

አሁን ወደ ኬጁ። ኬጅ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለጉዞም፣ ሌሊት ሽንቱን መያዝ እንዲለምድም ይረዳል። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ስህተቱ ዓይነቱ ላይ ነው። ጎኑ ተደፍኖ ትንንሽ ቀዳዳ የቀረለት የፕላስቲክ ኬጅ የተሠራው ለጉዞ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ቢደርስ ማንም አይገረምም። ውሻ እንደ ሰው ገላው ሙሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ማለክለክ ደግሞ የሚያበርደው አየሩ ሲለዋወጥ ነው። በተደፈነ ሣጥን ውስጥ ያለ ቡችላ የራሱን እርጥብ ትንፋሽ መልሶ ይስበዋል፤ ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ አይተንም፤ ባለከለከ ቁጥር የባሰ ይሞቃል። ጤነኛ የውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 ካለፈ የውስጥ አካላቱ መጎዳት ይጀምራሉ። የቆርቆሮ ቤትማ ምን ይወራለታል፤ በስድስት ሰዓት ፀሐይ እጃችሁን ጣሪያው ላይ አሳርፋችሁ ሞክሩት።

የሚሠራው ቤት እንዲህ ነው። አንድ መካከለኛ የአገር ውሻ አድጎ የሚተኛበት እንዲሆን ቁመቱ 70፣ ስፋቱ 60፣ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ቤት፣ ሁለቱ ትይዩ ጎኖቹ በሽቦ መረብ። በአራት ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ነፋስ ያልፋል፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃ አይገባውም። ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑ ካልቀረ ከሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ ጣውላ ይመታበት። በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በማይደርስበት የቤት ጥግ ይሁን። ጥላው የሚለካው ጠዋት ሳይሆን በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠዋት ጥላ ያየበት ቦታ ላይ ቤቱን ተክሎ ስለሚሄድ ነው።

ስፖንጁስ? ቡችላውን ራሱን ጠይቁት። ቀትር ላይ የተገዛለትን መኝታ ትቶ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሆዱን ለጥፎ፣ የኋላ እግሮቹን እንደ እንቁራሪት ወደ ኋላ ዘርግቶ ታገኙታላችሁ። የሆዱ ፀጉር ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ለሲሚንቶው የሚያስረክበው በዚያ በኩል ነው። ስፖንጅ ሙቀት ይይዛል፣ ሽንት ይመጥጣል፣ የቁንጫ እንቁላል ያሳድጋል፤ ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ ቦጭቆ ሲውጠውም አንጀቱን ይዘጋል። ሁለት ጆንያ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። ሐረር ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ ትክክል ናቸው። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የሁለት ወር ቡችላም የሰውነቱን ሙቀት ገና በደንብ አይጠብቅም። እዚያ ወፈር ያለ የሳልባጅ ብርድ ልብስ ታጥፎ ከጆንያው በላይ ይደረግለት።

ሙቀት የመታው ቡችላ አፉ ይዝረከረካል፣ ምራቁ ይወፍራል፣ ድዱ ይቀላል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ የቧንቧ ውሃ እላዩ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡት፣ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መተው እንደ ብርድ ልብስ ያፍነዋል።

ስለ ወተት ጸሐፊው የሚሉት ከእናት አፍ የወረደ ምክር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ስምንት ሳምንት ሞልቶት ጡት የጣለ ቡችላ የወተት ስኳር የመፍጨት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የላምም ሆነ የፍየል፣ የግመልም ወተት ሲበዛበት ያስቀምጠዋል። ያንን የሚመለከት ሰው «ሥጋው ነው ያስቀመጠው» ብሎ ሥጋውን ያቆምና ወተቱን ይጨምራል፤ ተቅማጡ ይብሳል።

«የታሸገ ደረቅ ምግብ ቅንጦት ነው» በሚለው ላይ፣ ዋጋው እንደሚከብድ አልክድም፤ ድሬ ላይ ሁልጊዜ አለመገኘቱም እውነት ነው። ነገር ግን «ለቡችላ» ተብሎ የተሠራ ደረቅ ምግብ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ተመጣጥኖ የገባበት ነው፤ ለቤት ምግብ የሚከብደውም ይኸው ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም የለውም ቢባል ይቀላል። በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ ደሙ ውስጥ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይቆፍራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ይጎብጣሉ፣ ሲዘል አጥንቱ ይሰበራል። ባለቤቱ «ሥጋ እየበላ እንዴት?» ይላል። ሥጋ ብቻ እየበላ ስለሆነ ነው።

በቤት ምግብ ለማሳደግ የወሰነ ሰው የእንቁላል ቅርፊት አይጣል። 10 ደቂቃ ቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት ማላም ነው፤ በጣት ሲታሽ መጎርበጥ የለበትም። አጥንት ለሌለው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ይገባበታል። ከሥጋው ጋር ሩዝ፣ ካሮት ወይም ዱባ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዳንዴም ትንሽ የተቀቀለ ጉበት። በደረቅ ምግብ ላይ ግን ቅርፊቱን እንዳትጨምሩ፤ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ ዝርያ ካልሲየም ሲበዛበትም አጥንቱ ይበላሻል። እስከ ሦስት ወር በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። እርጥብ ምግብ በድሬ ሙቀት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳህን ላይ አይቆይ።

የወጥ ትርፍ ላይ ጸሐፊው ዝም ብለዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መቀቀሉም አያድነውም፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለቡችላ አይደለም። የተቀቀለ የጎድን አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እዚህ አገር ደግሞ የትም ዝርዝር ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፦ ገራባ። ከበርጫ በኋላ ምንጣፍ ሥር የቀረው ጫት ለፍየል ምግብ ነው፤ ለቡችላ ግን መርዝ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ሦስት ኪሎ ለማይሞላ ገላ ጥቂት ቅጠል ልብ ያስሮጣል፣ ያቅበጠብጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሙቀቱን ይጨምራል። ገራባው ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ።

ጥሬ ሳንባና ጉበትስ? በአረፋም ሆነ በፋሲካ እርድ ላይ ውሃ የቋጠረ ሳንባ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ቋጠሮ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዐይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከእጅ ወደ አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። በግም ሆነ ግመል፣ ከብትም ሆነ ፍየል ልዩነት የለውም። የቋጠረው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለተራ ትል የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ይህን አይገድልም፤ ሐኪሙን ፕራዚኳንቴል ያለበትን ጠይቁት።

በውሃው ጉዳይ ጸሐፊው ያዩትን አይተዋል፤ የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ያበጃል፣ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ነውና። ከዚያ ተነስቶ «ፊኛው ውስጥም ይኼው ይሆናል» ማለት ግን ዝላይ ነው። የማንቆርቆሪያው ነጭ ነገር ውሃ ሲፈላ የሚዘቅጥ የካልሲየም ካርቦኔት ነው። የውሻ ፊኛ ጠጠር በብዛት ሌላ ነገር ነው፤ አንደኛው ዓይነት ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል፣ ውሃ አለመጠጣት ደግሞ ሁሉንም ያባብሳል። ቤተሰቡ የሚጠጣውን ውሻው ይጠጣ። ለታሸገ ውሃ የሚወጣው ገንዘብ ለሁለተኛ የውሃ ዕቃ ቢወጣ ይሻላል። ቡችላ በኪሎ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በቀን ይፈልጋል፤ አራት ኪሎ ከሆነ እስከ 400 ሚሊ ሊትር፣ በሙቀቱ ወራት ከዚያም በላይ። ፕላስቲክ ሳህን ይገለበጣል፣ ይታኘካል፤ ያልተሰነጠቀ የሸክላ ጣባ ግን ይከብዳል፣ ላብ እያላበውም ውሃውን ያቀዘቅዛል። ውስጡ ስለሚያሟልጭ በየቀኑ በሻካራ ነገር ይፈተግ።

«ከቤት የተረፈ አሮጌ ሳህን ይበቃል» ያሉት ለኪስ ደግ ምክር ነው። ሳህኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሻው ብቻ ይሁን፤ ማጠቢያ ስፖንጁም፣ የሚታጠብበትም ቦታ ይለይ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ ብዙ ቤተሰብ በሚቀዳበት ከተማ የውሻ ምራቅ ለሙስሊም ጎረቤት የጠሃራ፣ ማለትም የሃይማኖታዊ ንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳያስቡ ቡችላ ያመጡ ሰዎች ከቡችላው በፊት ጉርብትናው ይታመምባቸዋል።

ሻምፖው ላይ አልቆይም። በየሳምንቱ መታጠብ የቆዳውን ቅባት ይገፍፋል፤ በወር አንዴ፣ ለውሻ በተሠራ ሻምፖ፣ በቂ ነው። የከብት መድኃኒቱ ግን ቀልድ አይደለም። እንደ ዲያዚኖን ያለው የመዥገር መድኃኒት ለከብት ቆዳና ክብደት የሚበጠበጥ ነው። ቡችላ በቆዳው ይመጥጠዋል፣ ራሱን ሲልስም ይውጠዋል፤ ምራቁ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ብሌኑ ይጠባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ መተንፈስ ያቅተዋል። ላምባ የሚቀቡም አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስ ሳንባ ይገባል። ለትንሽ ቡችላ የሚያዋጣው ጥርሱ የጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ነው። ከጅራቱ ሥርና ከአንገቱ ጀምሮ በየቀኑ ማበጠር፣ የወጣውን ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውሃ ማስጠም። አብዛኛው ቁንጫ ያለው እንቁላልና እጭ ሆኖ መኝታው ላይ ነው፤ ጆንያው በፈላ ውሃ ካልታጠበ ማበጠሩ ማለቂያ የለውም። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ አይጠመዘዝም፣ አይቃጠልም። ሁለት ወር ካለፈውና ሐኪም ከመዘነው በኋላ ለቡችላ የተፈቀደ ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒት ይቻላል።

ሰንሰለቱ የተመከረው ለጥበቃ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ውሻ ሰውን፣ ድምፅንና አካባቢን ለምዶ የሚቀበልበት ዕድሜ ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ይህን ጊዜ ታስሮ ያሳለፈ ውሻ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንም የሰፈሩን ልጅም አይለይም። ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ሳይረግጥ በእቅፍ ይዞ ባጃጁን፣ ገበያውን፣ ሕፃናቱን ማሳየት ይቻላል። ለአንገቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ለስላሳ የናይለን ማሰሪያ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ። በየሳምንቱ ጣታችሁን አስገብታችሁ ፈትሹት። ቡችላው ሲያድግ ማሰሪያው አብሮት አያድግም፤ ፀጉር ሥር ተደብቆ ቆዳ ውስጥ የሰመጠ ማሰሪያ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሽታው ሲመጣ ነው። መያዣ ገመዱን በተመለከተ፣ ውሻው ገመድ ሳይያዝለት ወደ መንገድ አይውጣ ማለታቸው ፍጹም ትክክል ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል።

ቤቱን «ከግቢው በር አጠገብ» የሚለው ድሬ ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሐረር ላይ ግን ሲመሽ ጅብ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ለሰው ቢለምድም ለቡችላ አልለመደም። ቡችላው እስኪጠነክር ሌሊቱን ቤት ውስጥ ወይም መዝጊያ ባለው በረንዳ ይደር። ከበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት ለኩት፤ የቡችላ ጭንቅላት ካለፈ ገላው ያልፋል። ድንጋይ ቢደረደር ይፈነቀላል፤ ከመሬቱ ጋር በሲሚንቶ የተያዘ ብሎኬት ወይም በበሩ ግርጌ የተበየደ ላሜራ ነው የሚያዋጣው፣ እሱም ቡችላው ከመምጣቱ በፊት።